ከቅጹ ላይ የነቀልኳቸው ሌብሎች

ውድ ወጣት ባለሙያዎች፣

ባለፈው ሳምንት አብራኝ የምትሠራ ጀማሪ ፕሮግራመር «ጋሼ፣ በጃንጎ ቅጽ ላይ ክላስ ስጨምር ሳጥኑ ተለወጠ፤ ሌብሉ ግን ለምን እንደነበረ ቀረ?» ብላ ጠየቀችኝ። (ጃንጎ በፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ ማዕቀፍ ነው፤ ሌብል በቅጹ ላይ «ስም»፣ «ስልክ» እያለ የመሙያውን ሳጥን ምንነት የሚነግረው ጽሑፍ፣ ክላስ ደግሞ መልክን ለማስዋብ የሚሰጥ መለያ ስም ነው።) መልሱ አጭር ነው፦ በዊጀቱ (ሳጥኑን በሚያወጣው የጃንጎ ክፍል) ‹አትርስ› (attrs) ውስጥ የምንጽፈው ክላስ የሚደርሰው ለመሙያው ሳጥን ብቻ ሲሆን ሌብሉን ጃንጎ ለብቻው ያወጣዋል። ይህንኑ ነግሬያት ወደ ወንበሬ ብመለስም ጥያቄዋ የቆየ ጸጸቴን ስለቀሰቀሰብኝ ከሰዓቱን ሥራ ሳልሠራ ዋልኩ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ለአንድ ድርጅት የሥልጠና ማመልከቻ ቅጽ ስሠራ እዚሁ ላይ ተደናቅፌ ነበር። ቅጹ በማግሥቱ መከፈት ነበረበት፤ ኃላፊው ደግሞ ጽሑፎቹ ደምቀው፣ አረንጓዴ ሆነው፣ ከሳጥኖቹ በላይ እንዲቀመጡ አጥብቀው ይፈልጉ ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ሄዶ በላፕቶፑ ባትሪ ስሠራ ትዕግሥቴ አለቀና ሌብሎቹን በሙሉ ነቅዬ በምትካቸው ተራ ስፓን (ከሳጥን ጋር የማይተሳሰር የጽሑፍ መያዣ) አስገባሁ። ለዓይን ያምር ነበር፤ ኃላፊውም አመሰገኑኝ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ዓይነ ስውር መምህር ደወሉ። ሌብልን ከሳጥኑ ጋር የሚያስተሳስረው ‹ፎር› (for) የተባለው አትሪቢዩት ከሌብሎቹ ጋር አብሮ ስለተነቀለ፣ የስክሪን ማንበቢያቸው በየሳጥኑ ሲደርስ «ኤዲት፣ ብላንክ» (መጻፊያ፣ ባዶ) ከማለት በቀር የሚጠየቁትን አይነግራቸውም ነበር። ሳይቆጡ «የቱ ላይ ስሜን፣ የቱ ላይ ስልኬን እንደምጽፍ ይንገሩኝ» አሉኝ። እኔም ቅጹን ማስተካከል ሲገባኝ የ11ዱን ሳጥኖች ቅደም ተከተል በስልክ መቁጠር ጀመርኩ። 6ኛው ላይ ስንደርስ መስመሩ ተቋረጠ። ቁጥራቸው በስልኬ ላይ እያለ መልሼ አልደወልኩም።

ሌብል ማስዋብ ስትፈልጉ መጀመሪያ ክላስ ያስፈልገው እንደሆነ አስቡ፤ ለቅጹ አንድ ክላስ ሰጥቶ በሥሩ ያሉትን ሌብሎች ሁሉ የገጹ መልክ ከሚወሰንበት የሲኤስኤስ ፋይል መምረጥ ይቻላልና። የዛሬ ወጣቶች ቴይልዊንድን (በተዘጋጁ ክላሶች የሚያስውበውን የሲኤስኤስ መሣሪያ) ስለለመዳችሁ እያንዳንዱ ነገር የራሱን ክላስ ካልያዘ የማይሠራ ይመስላችኋል። (የመጨረሻውን ፕሮጀክቴን እኔም በቴይልዊንድ እንደሠራሁት አልክድም።) ክላስ የግድ ከሆነ ሌብሉን ቴምፕሌቱ (የገጹ ኤችቲኤምኤል የሚጻፍበት ፋይል) ላይ በእጃችሁ ጻፉትና በ‹ፎር› ውስጥ የመስኩን ‹አይዲ ፎር ሌብል› (id_for_label) አስገቡ። ከጃንጎ 5.0 ወዲህ ደግሞ መስኩን ከነሌብሉ የሚያወጣውን ቴምፕሌት አንድ ጊዜ በራስ ቴምፕሌት መተካት ይቻላል። ቅጹ በአማርኛ ከሆነ፣ ጃንጎ ከሌብሉ ኋላ የሚለጥፋትን የፈረንጅ ሁለት ነጥብ በ‹ሌብል ሰፊክስ› (label_suffix) ወደ «፦» ለውጡልኝ።

ማታ የባልደረባዬን ሥራ አየሁ። ሌብሉን በማውዝ ስጫነው ጠቋሚዋ ሳጥኑ ውስጥ ገብታ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ያን ሌሊት ስፓኖቼን አንድ ጊዜ እንኳ ተጭኜ አላየኋቸውም።