የመሬት ስኩዊረል ለወራት ሲደነዝዝ ልቡ፣ ኩላሊቱና አንጀቱ ምን ይሆናሉ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ በሰሜን አሜሪካ የሣር ሜዳ ጉድጓድ ቆፍሮ ስለሚኖረው ባለ 13 መስመር የመሬት ስኩዊረል ናቸው፤ ይህ ትንሽ የአይጥ ዘመድ ቅዝቃዜውን የሚያልፈው ሳይበላ፣ ሰውነቱ ቀዝቅዞና ሥራው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ ድንዛዜ የምንለው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ ሰውነቱ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ልቡ ለምን አይቆምም?

መልስ፦ ቁልፉ ካልሲየም ነው። ልብ ከተኮማተረ በኋላ ካልሲየሙ በፍጥነት ወደ ማከማቻው ካልተመለሰ ጡንቻው አይላላም፣ ምቱም ይዛባል። ብርድ ይህን የሚመልሰውን ፓምፕ ያዘገየዋል፤ የሰው ልብ ከ28 ዲግሪ በታች አደጋ ላይ የሚወድቀው በአብዛኛው በዚህ ዓይነት መዛባት ነው። ስኩዊረሉ ግን በድንዛዜው ወቅት የፓምፑን ፕሮቲን በብዛት ይይዛል። ስለዚህ በደቂቃ ከ200 በላይ የነበረው ምት ከ10 በታች ቢወርድም ሥርዓቱን አይስትም።

ጥያቄ፦ ኩላሊቱስ ያለ በቂ ደም እንዴት ይተርፋል?

መልስ፦ የደም ግፊቱ ስለሚወድቅ ማጣራቱ ሊቆም ምንም አይቀረውም። ይበልጥ የሚያስፈራው ግን ደሙ የሚመለስበት ሰዓት ነው፤ በአይጥ ኩላሊት ላይ ኦክስጅን በድንገት ሲመለስ ሴሎችን ይገድላል። ስኩዊረሉ በየአንድ ወይም ሁለት ሳምንቱ ነቅቶ፣ ወደ 37 ዲግሪ ሞቆ፣ ቀን ሳይሞላው ተመልሶ ይደነዝዛል፤ ኩላሊቱም ይህን ሁሉ መመላለስ ይቋቋማል። መንቃቱ ውድ ነው፤ ካጠራቀመው ስብ አብዛኛውን የሚጨርሰው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አንጀቱ ለወራት ባዶ ሆኖ አይሞትም?

መልስ፦ ይሳሳል፤ በውስጥ ግድግዳው ላይ ያሉት ጣት መሰል ምግብ መጣጮችም ያጥራሉ። የቀሩት ሴሎች ግን የመምጠጥ አቅማቸውን ይዘው ስለሚቆዩ፣ በጸደይ መብላት ሲጀምር ቶሎ ያገግማል።

ጥያቄ፦ ጡንቻውስ?

መልስ፦ እንደሚጠበቀው አይከሳም። በ2022 የወጣ ጥናት አንዱን ምክንያት አሳይቷል፦ የአንጀት ባክቴሪያዎች ዩሪያን (ከፕሮቲን መፍረስ የሚመጣውን ቆሻሻ) ሰብረው ናይትሮጅኑን ያወጣሉ፣ እንስሳውም መልሶ ለፕሮቲን ይጠቀምበታል።

ጥያቄ፦ ደሙ አይረጋም?

መልስ፦ ፕሌትሌቶች (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች) ከዝውውር ወጥተው በብዛት ጉበት ውስጥ ይቆያሉ፤ ሲሞቅ ይመለሳሉ።

ጥያቄ፦ ለጥናት የቲሹ ናሙና ስወስድ ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ እንስሳው እንዳይነቃ። በጨለማና 4 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ክፍል ይቀመጥ። ጀርባው ላይ ትንሽ ሰጋቱራ ያድርጉ፤ ከወደቀ በመካከል ነቅቷል ማለት ነው። ከሆዱ ውስጥ ቀድሞ የተተከለ የሙቀት መቅጃ ካለ ይበልጥ ያስተማምናል። መነካካት ብቻውን መሞቅን ይቀሰቅሳል፣ ሲዘገዩ የሚያገኙት የድንዛዜ ሳይሆን የመንቃት ቲሹ ነው። ስለዚህ ናሙናውን በደቂቃዎች ውስጥ በፈሳሽ ናይትሮጅን ያቀዝቅዙ፣ የሰውነቱን ሙቀትና ከደነዘዘ ስንት ቀን እንደሆነው ዕቃው ላይ ይጻፉ። ይህ ካልተጻፈ የሁለት እንስሳት ውጤት ማወዳደር አይቻልም።