የሠራሽው ማሽን የማን ነው?

ምዕራብ ጎጃም ካለ አንድ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የብረታ ብረት አሠልጣኝ የሆነች አንባቢያችን ጽፋልናለች። ፍሬ የማይሰብር የበቆሎ መፈልፈያ ሠርታለች። አንድ የቡሬ ነጋዴ በብዛት ሊያሠራው ይፈልጋል። ዲኑ «የኮሌጁ ንብረት ነው» ይላል። አባቷ ደግሞ «ሥራሽን ልቀቂ፣ በወንድምሽ ስም አስመዝግቡት» ይሏታል። ሁለተኛ ዲግሪም ልትማር አስባለች።

እህቴ፣ ከአባትሽ ሐሳብ ልጀምር፤ አንጀቴን ያበገነው እሱ ነውና። ወንድምሽ ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ነክቶ አያውቅም። በእሱ ስም ከገባ የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ማመልከቻው በውሸት ይጀምራል። ኮሌጁ ሲከስ ደግሞ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። አባትሽ ገንዘቡ ከቤት እንዳይወጣ አስበው ይሆናል። ግን የሴት ልጃቸውን ላብ ለወንዱ መስጠት ነው። አክብረሽ፣ ግን ቁርጥ አድርገሽ እምቢ በያቸው።

ዲኑም ቢሆን ስላለ ብቻ ማሽኑ የኮሌጁ አይሆንም። የፈጠራ አዋጁ ቁጥር 123/1987 ነገሩን ለይቶ ያስቀምጠዋል። ፈጠራው የተቀጠርሽበት ሥራ ውጤት ከሆነ፣ ውልሽ ሌላ ካላለ በስተቀር፣ የአሠሪው ነው። ከሥራሽ ጋር ካልተያያዘና የኮሌጁን ዕቃም መሣሪያም መረጃም ካልነካሽ ያንቺ ነው። በመሀል ያለው፣ ማለትም ያንቺ አእምሮና የኮሌጁ መሣሪያ የተገናኙበት፣ የጋራ ነው።

አንቺ የምትገቢው እዚህ መሀል ላይ ይመስለኛል። የተቀጠርሽው ለማሠልጠን ነው፤ ማሽን ፍጠሪ ያለሽ የለም። ግን የኮሌጁን ብየዳና ቶርኖ ተጠቅመሻል፤ ላሜራውና ኩሽኔታውም በሞዴል 22፣ በዕቃ ማውጫው ቅጽ፣ ከስቶር የወጣ ነው ብለሻል። ስለዚህ የሞዴል 22ቱን ቅጂ ያዢ። ከኪስሽ የገዛሽውን በደረሰኝ ለይ። የመጀመሪያውን ንድፍ የሣልሽበትን ደብተር፣ ቀኑ ያለበትን ገጽ ሁሉ አስቀምጪ። ክርክር ከመጣ የሚናገሩልሽ እነዚህ ናቸው።

ከሁሉም በፊት ግን የቅጥር ውልሽን አንብቢ። ብዙ አሠልጣኝ ፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል፤ ይሄ ዘወትር ያሳስበኛል። በ2011 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ላይ ፈርዷል። ተመራማሪው ለዩኒቨርሲቲው የፈረመው ወደፊት መብቱን ለማስተላለፍ መስማማቱን ነበር። ቆይቶ ሙከራ ሊሠራበት ለሄደበት ኩባንያ ደግሞ መብቱን እዚያው የሚያስተላልፍ ወረቀት ፈረመ። የዚያን ኩባንያ መብት የገዛው ሌላ ኩባንያ በዚያ ወረቀት አሸነፈ። ነጋዴው ውል ይዞ ሲመጣ ይህን አስታውሺ።

ሥራ መልቀቅሽ ማሽኑን ያንቺ ብቻ አያደርገውም፤ የተሠራው ኮሌጁ ውስጥ ሳለሽ ነው። እኔ ለዓመታት ኮሌጅ አስተምሬ፣ ማታ ማታ የራሴን ወርክሾፕ ሠርቼ ነው ቤት ያቆምኩት። ደመወዝ ባይኖረኝ ኖሮ የመጣልኝን ውል ሁሉ እፈርም ነበር። ስለዚህ አትልቀቂ። ለዲኑ በደብዳቤ የጋራ ባለቤትነት ስምምነት ጠይቂ። ፈጣሪዋ አንቺ መሆንሽ፣ ገቢውን እንዴት እንደምትካፈሉ፣ የምዝገባውን ወጪ ማን እንደሚችል በጽሑፍ ይስፈር።

የሠራሽው ነባር መፈልፈያን ማሻሻል ከሆነ የግልጋሎት ሞዴል፣ ማለትም ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት፣ ይበቃሽ ይሆናል። ለ5 ዓመት ይሰጣል፤ ለሌላ 5 ዓመትም ይታደሳል። አዲስ አበባ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄደሽ ጠይቂ። ግን አትዘግዪ፤ ማሽኑ በአደባባይ ከታየ በኋላ ጊዜ ባለፈ ቁጥር አዲስነቱ አጠራጣሪ ይሆናል። ነጋዴው ለጊዜው ማሽኑ ሲሠራ ይይ እንጂ ውስጡን አትፍቺለት።

ማስተርሱ አንድ ዓመት ቢቆይ ምንም አይልም። መጀመሪያ ግን የሰው ሀብት ቢሮ ሄደሽ የውልሽን ቅጂ አስወጪ።