መልስ፦ ለሕዝብ ጣቢያ መክፈል አለብን ወይ?

ወንድሜ፣ «ሕዝቡ ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያ ክፍያ መክፈል አለበት ወይ? ሌላው አገርስ እንዴት ነው?» ብለህ ከደብረ ብርሃን ለጠየቅከው፦ በእኔ አስተያየት አዎ፣ ግን እንደ አከፋፈሉ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ቴሌቪዥን የሚያይ ቤት ለቢቢሲ ይከፍላል። ከሚያዝያ 2025 እ.አ.አ. ጀምሮ በዓመት 174.50 ፓውንድ ነበር። ሀብታሙም ድሃውም በአብዛኛው እኩል ነው። ሬዲዮ ብቻ የሚሰማ ግን ከ1971 ወዲህ አይከፍልም። ይቺን ወድጃታለሁ። መንዝ ላይ በባትሪ ድንጋይ ሬዲዮ የሚሰማ ገበሬ፣ ከተማ ትልቅ ስክሪን ከሰቀለ ነጋዴ ጋር እኩል ክፈል ቢባል ማን እሺ ይላል?

ጀርመን ከ2013 ጀምሮ ቴሌቪዥን ይኑርህ አይኑርህ ከየቤቱ ያስከፍላል። ይሄ እኛ ጋ ጭራሽ አይሆንም። ፊንላንድ በዚያው ዓመት የቴሌቪዥን ክፍያውን ትታ በገቢ ልክ የሚቆረጥ ግብር አደረገችው፤ ገቢው ትንሽ የሆነ አይነካውም። ምርጫዬ ይሄ ነው።

ደግሞ ብሩን ማን ያዘዋል? ጀርመን ውስጥ የጣቢያዎቹን የገንዘብ ጥያቄ የሚመረምር ነፃ ኮሚሽን አለ። እኛ ከፍለን አዛዡ ሹም ከሆነማ ያው ሌላ ግብር ነው። የመንዝን ውርጭና የእህል ዋጋ በሰዓቱ ለሚነግረኝ ጣቢያ ግን ሳልነጫነጭ እከፍላለሁ።