አካውንታንት ለመሆን ናቹራል ወይስ ሶሻል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ነዎት? የምጽፍልዎት ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ነኝ። ለሚቀጥለው ዓመት ናቹራል ወይ ሶሻል መምረጥ አለብኝ። አካውንቲንግ መማር እፈልጋለሁ። አባቴ ግን «ውጤትሽ ጥሩ ነው፣ ናቹራል ግቢ፣ አካውንቲንግ የትም አይሄድብሽም» ይለኛል። ለንደን ያለችው አክስቴ ደግሞ እዚያ ድርጅቶች ወጣቶችን ቀጥረው፣ ደሞዝ እየከፈሉ ዲግሪ ያስተምራሉ፣ የእሷም ልጅ አካውንቲንግ የሚማረው በዚህ መንገድ ነው አለችኝ። ለእንደዚህ ያለ ነገር የሚያዘጋጀኝ የትኛው ትምህርት ነው? በሂሳብ ደህና ነኝ፣ ግን እንደነ እንትና ጎበዝ አይደለሁም። ግራ ገብቶኛል።

መልስ፦ አቦ፣ «ጋሼ» ስትይኝ ድንገት አረጀሁ! ግን ይሁን፣ ሃያ ምናምን ዓመት ደረሰኝ ስደረድር የኖርኩ ሰው ነኝና ይገባኛል።

መጀመሪያ የአክስትሽን ወሬ እንጨርስ። እውነቷን ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዲግሪ አፕረንቲስሺፕ የሚባል ነገር አለ። ልጁ ተማሪ ብቻ አይደለም፣ የሥራ ውል የፈረመ ተቀጣሪ ነው። ደሞዝ ያገኛል፣ የዩኒቨርሲቲውን ክፍያ ደግሞ እሱ አይከፍልም። የሚገርምሽ፣ ብዙዎቹ ቀጣሪዎች «አካውንቲንግ ተምረህ ና» አይሉም። በ16 ዓመት ገደማ በሚወሰደው ፈተና ሂሳብና እንግሊዝኛ ማለፉን ያያሉ፤ ከዚያ በኋላ ኤ ሌቭል ላይ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት፣ የመረጣቸው ሦስት ያህል ትምህርቶች ታሪክም ይሁኑ ኢኮኖሚክስ፣ ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ይበቃቸዋል። ግን ከዚህ ሆነሽ የምታመለክቺበት ነገር አይደለም። እዚያ አገር የመኖርና የመሥራት መብት ይጠየቃል፣ በአብዛኛውም ሦስት ዓመት የኖረ ሰው ነው የሚፈለገው። ስለዚህ ለአክስትሽ ልጅ እንኳን ደስ አለህ በይው፣ አንቺ ግን ምርጫሽን በእሱ አትለኪ። ከእሱ የምትወስጂው አንድ ነገር ሥራውንና ትምህርቱን አብሮ ማስኬዱን ነው። እሱን ድሬዳዋም ላይ ሆነሽ ትችያለሽ፣ በኋላ እነግርሻለሁ።

አሁን ወደ ናቹራልና ሶሻል። እኔ አንቺን ብሆን ሶሻል እገባለሁ።

አባትሽ የሚሉት ይገባኛል። ሰፈራችን ውስጥ ናቹራል የገባ «ጎበዝ» ነው፣ ሶሻል የገባ ደግሞ «ምን ሆኖ ነው?» ይባላል። የአባትሽ ሐሳብ በሩን ሁሉ ክፍት ማድረግ ነው፣ ክፋት የለውም። ችግሩ በሩ ላይ ፈተና መኖሩ ነው። ናቹራል ከገባሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነው የምትማሪው፣ 12ኛ ላይ የምትፈተኚውም እነሱን ነው። ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው ለመግባት 50 በመቶ ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተነው ተማሪ ይህን ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበር ታስታውሻለሽ፣ ቤት ለቤት ለቅሶ ነበር የሚመስለው። እንዲህ ባለ ፈተና የማትወጂውን ትምህርት ተሸክመሽ ከምትገቢ የምትወጂውን ይዘሽ ግቢ። ሐኪም ወይ ኢንጂነር የመሆን ሐሳብ ውስጥሽ ካለ ሌላ ጉዳይ ነው፣ አባትሽን ስሚ። አንቺ ግን የጻፍሽልኝ አካውንቲንግ ብለሽ ነው።

ሶሻል ስትገቢ ኢኮኖሚክስ፣ ጂኦግራፊና ታሪክ ታገኛለሽ። የኢኮኖሚክሱ ነገር ግልጽ ነው፣ ገበያ፣ ዋጋ ንረት፣ ባንክ፣ ግብር፣ ሁሉም በኋላ ይመጡብሻል። ተማሪው የሚንቃቸው ሁለቱን ነው። እስኪ የድሬን ነጋዴ አስቢ። ዕቃው በጅቡቲ ይገባል። የዚያ ዕቃ ዋጋ ፋብሪካው የጻፈው ብቻ አይደለም፤ የመርከቡ ጭነት አለ፣ ኢንሹራንሱ አለ፣ ዲክላራሲዮኑ፣ የጉምሩክ ወረቀቱ፣ ላይ ያለው ቀረጥ አለ፣ ከወደብ እስከዚህ ያመጣው መኪና አለ፣ ይሄን ሁሉ ደምረሽ ለእያንዳንዱ ካርቶን ካላከፋፈልሽው ነጋዴው ያተረፈ እየመሰለው ይከስራል። መንገዱን የማያውቅ ሰው ይሄን ሂሳብ አይሠራውም። ታሪክ ደግሞ ለኦዲት ነው ብልሽ አትሳቂ። ኦዲተር ማለት ማን፣ መቼ፣ በማን ፊርማ፣ በየትኛው ማስረጃ እያለ የሚጠይቅ ሰው ነው። ረጅም ጽሑፍ አንብቦ «ይሄና ያ አይገጥሙም» ማለት ታሪክ ክፍል ውስጥ ነው የሚለመደው፣ መምህሩ ዓመተ ምሕረት ብቻ ካላሸመደደሽ።

ሂሳብ ላይ ፍርሃት እንዳለሽ አየሁ። ተይው። ኮሌጅ ላይ ትንሽ ካልኩለስ አይቀርም፣ ሥራው ላይ ግን ሳይንና ኮሳይን የሚጠይቅሽ የለም። የሚጠየቀው መቶኛ፣ ሬሾና ሰንጠረዥ ነው፣ እሱ ላይ ግን ስህተት አይፈቀድም። ቢሮዬ ሥራ ፈልገው ለሚመጡ ልጆች፣ ዲግሪ ለያዙትም ጭምር፣ አንድ ደረሰኝ አሳያቸዋለሁ። ቫትን ጨምሮ 1,150 ብር ይላል። ቫቱ 15 በመቶ ነው። ስንት ብር ነው? ግማሾቹ ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው 1,150ን በ15 በመቶ አባዝተው 172 ብር ከ50 ይላሉ። ስህተት። ቫቱ 150 ብር ነው፣ ምክንያቱም 15 በመቶው የሚታሰበው በ1,000 ብሩ ላይ እንጂ ከነቫቱ በተጻፈው ላይ አይደለም። 1,150ን ለ115 አካፍለሽ በ15 ማባዛት ነው። እነሱ እንዳሉት ከሆነ ዕቃው 977 ብር ከ50 ነበር ማለት ነው፣ እዚያ ላይ 15 በመቶ ጨምሪና 1,150 ይመጣ እንደሆነ ራስሽ እዪው። ይሄ ሂሳብ የታችኛው ክፍል ሂሳብ ነው። የሚጥላቸው ሂሳቡ አይደለም፣ ቆም ብሎ «በምን ላይ ነው 15 በመቶ?» አለማለት ነው።

የራሴን ልንገርሽ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት ሂሳቤ በ270 ብር አልገጥም አለኝ። ሁለት ቀን ቫውቸር ስገለብጥ ከረምኩ፣ በዚያ በግንቦት ሙቀት፣ ቬንትሌተሩ ወረቀቱን እየበተነብኝ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ የሂሳብ ሠራተኛ ሻይ ይዘው መጡና «ልዩነቱ ለ9 ይካፈላል?» አሉኝ። 270 ለ9፣ 30። «እንግዲያው ቁጥር ገልብጠሃል» ብለው ሄዱ። እውነትም 630 የሚለውን 360 ብዬ ጽፌው ነበር። ሁለት አሃዞች ቦታ ሲቀያየሩ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ትምህርት ቤት የተማርኩት የመካፈል ሕግ ለዚህ እንደሚሆን ማን ነግሮኝ! አሁን አንቺ አውቀሻል፣ ሁለት ቀን ቆጠብሽ።

አደራ፣ 12ኛ ክፍል ሂሳብ ላይ ስለ ቢዝነስ የሚያስተምር ምዕራፍ አለ። ወለድ፣ ትርፍና ኪሳራ፣ ግብር ምናምን። ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ መምህሩ ሳይደርስበት ዓመቱ ያልቃል። አንቺ ግን መጀመሪያ እሱን አንብቢው፣ ልብ ወለድ ይመስል።

እንግሊዝኛ። እዚህ ላይ ጨካኝ ነኝ። አካውንቲንግ የሚወድቁ ልጆች በቁጥር ወድቀው አላየሁም፣ ጥያቄው ሳይገባቸው ነው የሚወድቁት። አገራችን ከ2006 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የፋይናንስ ሪፖርት በዓለም አቀፉ ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስ በሚሉት፣ እንዲሠራ ወስናለች፤ እሱ ደግሞ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም ጠበቃ የጻፈው የሚመስል እንግሊዝኛ። ዲግሪሽን ስትጨርሺም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ እሱንም 50 አምጥተሽ ማለፍ ግድ ነው። ስለዚህ በቀን አንድ ገጽ የሆነ ነገር አንብቢ። ቲክቶክ ላይ የምትሰሚው አይቆጠርም።

አይሲቲንም እንደ ትርፍ ትምህርት አትይው። ኤክሴል ከፍተሽ የቤታችሁን የወር አስቤዛ መዝግቢ፣ ደምሪ፣ ካለፈው ወር ጋር አወዳድሪ። ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ መመዝገቢያ ሶፍትዌር የሚያስተምሩ ቦታዎች ከተማው ውስጥ ሞልተዋል፣ ሰርተፍኬቱም ያምራል፣ ግን ዴቢትና ክሬዲት፣ ሂሳብ በሁለት በኩል የሚመዘገብበት ዘዴ፣ ሳይገባሽ ፒችትሪ መማር መንዳት ሳትችዪ ባጃጅ እንደመግዛት ነው። ብሩን አሁን አታውጪ።

ሥራና ትምህርት አብሮ ይሄዳል ያልኩሽን ደግሞ እንዲህ አድርጊው። የእኛ አገር የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ሐምሌ ሲገባ ነጋዴው ሁሉ ካርቶን ሙሉ ደረሰኝ ተሸክሞ የሂሳብ ሠራተኛ ፍለጋ ይሮጣል። ትምህርት ቤት የሚዘጋውስ መቼ ነው? ልክ ያኔ! ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ከፊራ፣ ታይዋን፣ አሸዋ፣ የሆነ ቦታ ሱቅ ያለው አጎት ወይ ጎረቤት አታጪም፣ የድሬ ሰው አይደለሽ? ሄደሽ «ደመወዝ አልፈልግም፣ ደረሰኝዎን ልደርድርልዎ» በይ። በቀን ቅደም ተከተል ትደረድሪያለሽ፣ የግዢውን ከሽያጩ ትለያለሽ፣ ከካሽ ሬጅስተሩ በየማታው የሚወጣውን ዜድ ሪፖርት፣ የቀኑን ሽያጭ ድምር፣ ደብተር ላይ ትገለብጪያለሽ፣ መጋዘን ካላቸው በቢን ካርዱ፣ የዕቃው ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት ካርድ፣ ላይ የተጻፈውንና መደርደሪያው ላይ ያለውን ትቆጥሪያለሽ። ሁለቱ አይገጥሙም፣ ከወዲሁ ልንገርሽ። ለምን እንዳልገጠሙ መፈለግ ነው እንግዲህ ሙያው። ሁለት ክረምት እንዲህ ካሳለፍሽ ዩኒቨርሲቲ ላይ አስተማሪው «ኢንቬንተሪ» ሲል ሌላው ተማሪ ቃል ይጽፋል፣ ለአንቺ ግን የዘይት ጀሪካንና የሩዝ ጆንያ ነው የሚታይሽ። ሱቁ ከሰዓት ሲዘጋም የምታነቢበት ጊዜ አለ፣ በርጫው የእነሱ ነው።

አንድ መንገድ ደግሞ አለ፣ ሰው ስለሚንቀው ልንገርሽ። 12ኛ ላይ 50 ባይመጣ ዓለም አያልቅም። ቴክኒክና ሙያ ገብተሽ አካውንቲንግን በደረጃ መማር ትችያለሽ፣ የትብብር ስልጠና ስላለው ድርጅት ውስጥ እየሠራሽ ትማሪያለሽ። የአክስትሽ ልጅ ከሚማርበት ጋር እዚህ አገር በጣም የሚቀራረበው እሱ ነው። ሲኦሲውን፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ማለፍ ግን የግድ ነው። አብራኝ የምትሠራ ልጅ በዚህ መጥታ አሁን ማታ ማታ ዲግሪዋን ትማራለች። ዲግሪ ይዘው የመጡትን አርማለሁ፣ እሷን ግን ፔይሮል፣ የደመወዝ ሂሳብ፣ ስትሠራ አላርማትም። ጡረታ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ መሆኑን የምትቀንሰውና የምትጨምረው ሳታይ ነው።

ለአባትሽ ደብዳቤውን አሳዪያቸው። ከተቆጡ እኔን ይቆጡ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ልጄ 12ኛ ክፍል ናቹራል ነው። አሁን ተነስቶ አካውንቲንግ ነው የምፈልገው አለኝ። ወደ ሶሻል ይቀየር? እኔ አነስተኛ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለኝ፣ ትምህርቱን ብዙም አላውቀውም። ከድሬዳዋ፣ ለገሃሬ።

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። አይቀየር። ሁለት ዓመት የተማረውን ትቶ ያልተማረውን ሊፈተን ነው? ባለበት ይፈተን፣ 50ውን ያምጣ። ከናቹራል መጥተው አካውንቲንግ የሚማሩ ልጆች የግል ኮሌጅ ውስጥ ሞልተዋል፣ ሂሳባቸው ደህና ስለሆነም አይቸገሩም። የሚጎድላቸው ኢኮኖሚክስ ነው፣ እሱን በክረምት የ11ኛውን መጽሐፍ ቢያነብ ይደርስበታል።

እስከዚያ ግን ልጁ እውነቱን ይሁን አይሁን እርስዎ መለየት ይችላሉ። የዱቤ ደብተርዎን ይስጡት። ሚስማሩ፣ ቀለሙ፣ ሲሚንቶው፣ «የአሊ ወንድም» ተብሎ የተጻፈው ሁሉ ያለበትን። ማን ስንት እንዳለበት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ በአንድ ገጽ ያውጣልዎ። አንድ ሳምንት ይስጡት። ገጹን ይዞ ከመጣ ይማር። ገጹን ይዞ መጥቶ «አባ፣ ይሄ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ነው የተጻፈው» ካለዎት ደግሞ ወደ እኔ ይላኩት፣ ሐምሌ ላይ ሰው እፈልጋለሁ።