ኪስ የማይጎትት ሰንጢ

አንድ የመጋዘን ሠራተኛ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ስከፍት፣ ሲባጎ ስቆርጥ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ ስበጥስ ነው የምውለው። ያለኝ ሰንጢ ግራና ቀኙ ናስ የለበሰ፣ እጀታው እንጨት የሆነ ትልቅ ነገር ነው። በመቁረጥ አላማውም። ክብደቱ ግን አስመረረኝ። ሱሪዬን ይጎትታል፣ ሁለት ኪስ ቀዶብኛል። አሁን አሁን ቤት ትቼው መውጣት ጀምሬያለሁ። ቀለል ያለ ልገዛ ስል አንዱ ብረቱን እይ ይለኛል፣ ሌላው ርዝመቱን። ጓደኛዬ ደግሞ ቀላል የተባለ ገዝቶ፣ ሲቆርጥበት ታጠፈና ጣቱን ተረተረው። ቀላል ሆኖ ጣቴን የማይበላ የትኛው ነው?»

ወንድሜ፣ ቤት መቅረቱ አይገርመኝም። ስለት ስሞርድና ሰንጢ ስጠግን ብዙ ዓመት ሆነኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ከሚመጡት ውስጥ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቁት አብዛኛውን ጊዜ ከባዶቹ ናቸው። ለምን ብትል፣ ይዟቸው የሚወጣ የለም።

እስቲ መጀመሪያ ክብደቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ብዙ ሰው ከስለቱ ይመስለዋል። አንድ መካከለኛ ሰንጢ ብትፈታ ከእጀታው ሽፋን ስር ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ላሜራ ታገኛለህ። አንዱ ርዝመቱ 11 ሴንቲሜትር፣ ስፋቱ 2 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊሜትር ነው እንበል። ስታባዛው 3.3 ሴንቲሜትር ኩብ ይመጣል። ብረት በአንድ ሴንቲሜትር ኩብ 7.8 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ አንዱ ላሜራ 26 ግራም ገደማ፣ ሁለቱ ከ50 ግራም በላይ ናቸው። ይህ እንግዲህ ምንም የማይቆርጥ ብረት ነው። 8 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ስለት ራሱ አፉ ከወጣለት በኋላ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያንሳል። ያንተ ላይ ደግሞ ናስ አለ። ናስ 8.5 ነው፣ ከብረትም ይብሳል።

ታይታኒየም 4.5 ነው። አሉሚኒየም 2.7። በመስታወት ክር የተጠናከረ ናይለን 1.5 አካባቢ። አየኸው ልዩነቱን? የስለት ብረት ግን ስሙ ምንም ይሁን ምን ክብደቱ ያው ነው ማለት ይቻላል። «ይሄ ልዩ ብረት ስለሆነ ይቀላል» የሚልህ ሻጭ ካጋጠመህ ፈገግ ብለህ እለፈው።

ጥሩ ምሳሌ ባክ 110 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያለ፣ ናስና እንጨት የለበሰ፣ 200 ግራም የሚያህል ሰንጢ ነው። ያንተም የዚህ ዘር ይመስለኛል። ኩባንያው በኋላ ያንኑ ቅርጽ በናይለን እጀታ ሠራው። ክብደቱ ከግማሽ በላይ ወረደ።

የኔ ልኬት እንዲህ ነው። ከ30 ግራም በታች የቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ የሚውል ነው፤ ፖስታ ይከፍታል፣ ክር ይበጥሳል፣ ከዚያ በላይ አትጠይቀው። ከ45 እስከ 75 ግራም ያለው ላንተ ነው። ኪስህ ውስጥ መኖሩን ትረሳዋለህ፣ ስታወጣው ግን እጅ ይሞላል። መቶ ግራም ሲያልፍ ቀጭን ሱሪ ላይ ይታወቅሃል።

አሁን ወደ ጓደኛህ ጣት እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቀላል ሰንጢ የሚታማው በዚህ ነው።

አምራች ሰንጢ ሊያቀል ሲፈልግ ሁለት መንገድ አለው። ላሜራውን ወንፊት ያስመስለዋል፣ ወይም ያሳጥረውና ቁልፉ፣ ማለትም የተከፈተው ስለት እንዳይታጠፍ የሚይዘው፣ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ይተወዋል። ይህ ጤነኛ መንገድ ነው። ሁለተኛው ላሜራውን ራሱን ማሳሳት ነው። ችግሩ፣ በብዙ ሰንጢ ላይ ስለቱን ደግፎ የሚይዘው ያው ላሜራ ነው። ተሰንጥቆ እንደ ሞላ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ከስለቱ ግርጌ ኋላ ይቆማል። ይህ ከሳሳ፣ እጅህን ጠምዘዝ አድርገህ ስትጫን ይንሸራተታል። ቅለቱ ከእጀታው ይምጣ፣ ከቁልፉ ግን እንዳይቀነስ።

ስትገዛ እንዲህ ፈትሸው። ቀስ ብለህ ክፈተውና ወደ ብርሃን አዙረው። ላሜራው ከስለቱ ግርጌ ኋላ ምን ያህል እንደገባ እይ። የግርጌውን ውፍረት በሐሳብህ አራት ቦታ ክፈለው። ላሜራው ከሩቡ እስከ ግማሹ ድረስ ከገባ ደህና ነው። ጫፉ ላይ ብቻ ጠብ ካለ አትግዛው። ገና በአዲስነቱ ወዲያኛው ዳር ደርሶ ከሆነም አትግዛው፤ ሲበላ የሚሄድበት ቦታ የለውም።

ከዚያ እጀታውን በጎንና በጎን ያዘው። ጣቶችህ ስለቱ የሚታጠፍበት መንገድ ላይ እንዳይሆኑ። በሌላው እጅህ መዳፍ የስለቱን ጀርባ ወደ መዝጊያው አቅጣጫ ግፋው። በመጠኑ ነው እንጂ ጠረጴዛ ላይ እንዳትደበድበው። ደህናውን ቁልፍ ራሱ የሚያበላሽ ሰው ሞልቷል። ቀጥሎ የስለቱን ጀርባ በጨርቅ ይዘህ ወዘወዘው። ወደ ጎን ትንሽ ከተንቀሳቀሰ የማጠፊያው ብሎን ላልቶ ይሆናል፣ ይጠብቃል። ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀሳቀሰ ግን ቁልፉ ነው። መልስለት።

የናይለን እጀታ ስትጨብጠው ትንሽ ይለመጣል። ይህ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፣ እኔን ግን አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ስትጨብጠው ስለቱ ሲዘጋ የእጀታውን የውስጥ ግድግዳ የሚነካ ከሆነ ነው።

ግራኝ ከሆንክ ደግሞ የላሜራ ቁልፍ ይቅርብህ። ለቀኝ እጅ አውራ ጣት ነው የተሠራው። በጀርባ የሚቆለፈውን፣ ወይም ከሁለቱም ጎን የሚሳብ መቀርቀሪያ ያለውን ውሰድ።

የጓደኛህን ሰንጢ ሳላየው መፍረድ አልችልም። ሁለት ነገር ግን እጠረጥራለሁ። አንደኛው፣ ቁልፍ የሌለው፣ በሞላ ብቻ የሚቆም ሊሆን ይችላል። እነዚህ ጥሩ ሰንጢዎች ናቸው፣ ግን ወደ ራስህ እየሳብክ ለመቁረጥ እንጂ ለመውጋት አይሆኑም። ጫፉን ካርቶን ውስጥ ሰክተህ ስትገፋ ኃይሉ የሚሄደው ወደ ማጠፊያው ነው። ሁለተኛው ቆሻሻ ነው። ባለፈው አንድ ሰው «ቁልፉ ሞቷል» ብሎ አንድ ሰንጢ አመጣልኝ። ከፍቼ በመርፌ ጫፍ ላሜራው የሚያርፍበትን ስጭረው የሩዝ ፍሬ የምታህል የጥጥ እጢ ወጣች። የኪስ ብናኝ ከዘይት ጋር ተላቁጦ ደርቋል። ላሜራው ገብቶ መቀመጥ አቅቶት ጫፉ ላይ ቆሞ ነበር የሚውለው። ጸዳ፣ ተቆለፈ፣ ሄደ። ገንዘብ አልተቀበልኩትም።

ስለ ብረት ልንገርህ፣ ግን አጥብቀህ አትያዘው። ሰዎች ስለ ብረት ስም ይጣላሉ፤ ካርቶን የሚቆርጠው ግን በይበልጥ ቅጥነት ነው። አንድ ቀን ሁለት ሰንጢ ጎን ለጎን ሞከርኩ። አንዱ ውድ ብረት፣ ጀርባው 4 ሚሊሜትር ወፍራም። ሌላው ተራ ብረት፣ ጀርባው 2 ሚሊሜትር። ሁለቱም ጸጉር ይላጫሉ። ወፍራም ካርቶን ላይ ስጭናቸው ቀጭኑ ሸርተት ብሎ ወረደ። ወፍራሙ መሃል ላይ ተቀረቀረ። አፉ ስል ነው፣ ትከሻው ግን እንደ ሽብልቅ ካርቶኑን ይገፋዋል። ስለዚህ ጀርባው ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሆነ፣ ከጀርባው እስከ አፉ ድረስ በእኩል እየሳሳ የሚወርድ ስለት ፈልግ። ቀጭኑ በዚያውም ይቀላል። በሰንጢ ሳጥን የምትፈለቅቅ ከሆነ ግን ይሰበራል። ለሱ ካቻቪቴ አለ።

ብረቱ ዝገት እንዲችል ክሮሚየሙ ቢያንስ 12 ወይም 13 በመቶ መሆን አለበት። ዲ2 የሚባለው ድንበር ላይ ነው። ጠንካራ ነው፣ ስለቱን ይይዛል፣ ግን ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ ከክሮሚየሙ ይሻማበታል። ላብ ያለበት ኪስ ውስጥ ነጠብጣብ ያወጣል። በጥንካሬ ልኬት፣ በሮክዌል ማለቴ ነው፣ 56 አካባቢ ያለው ቶሎ ይደንዛል፣ ግን ድንጋይ ላይ በአምስት ደቂቃ ይመለሳል። 60 አካባቢ ያለው ብዙ ቀን ይቆያል፣ አንዴ ከደነዘ ግን መሳሉ ያደክምሃል። ካርቶን ውስጡ አሸዋ መሰል ነገር ስላለው የማይበላው ስለት የለም። ራስህ የምትስል ከሆነ መካከለኛውን ውሰድ። 14ሲ28ኤን ወይም ቪጂ-10 የሚባለው ብረት ይበቃሃል።

ስትስለው በያንዳንዱ ጎን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያዝ። ደግሞ እንደ መስታወት አታለስልሰው። ለሲባጎና ለካርቶን ሻከር ያለ አፍ ይነክሳል፤ ከመካከለኛ ድንጋይ ላይ ባነሳኸው ቁም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሥራህ መጋዘን ስለሆነ። ጫፉ በጣም የሾለ አትግዛ። ከጀርባው ወደ አፉ ደፋ ብሎ የሚወርድ፣ አፉ ቀጥ ያለ ስለት አለ። ካርቶን ስትከፍት ውስጥ ያለውን ዕቃ አይወጋብህም። እውነቱን ለመናገር፣ ቀኑን ሙሉ ካርቶን ብቻ ከሆነ የምትከፍተው ምላጩ የሚቀየር ካተር ከማንኛውም ሰንጢ ይሻልሃል። ሰንጢው ለቀረው ሁሉ ይሁን።

ርዝመቱ ከ6 እስከ 8 ሴንቲሜትር ይበቃል። ከርዝመቱ ይልቅ እጀታውን እይ። ቢያንስ ሦስት ጣትህ ተደላድሎ መያዝ አለበት፣ አራተኛው ግማሹ ቢወጣም ግድ የለም። በጣም ቀጭን እጀታ ለአሥር ካርቶን ደህና ነው። በሃያኛው ላይ መዳፍህ ይነግርሃል።

ስም ጥራ ካልከኝ እጠራለሁ። ኦፒኔል ቁጥር 8 ወደ 45 ግራም ነው፣ ስለቱ 8.5 ሴንቲሜትር። የቀለበት ቁልፉ እ.ኤ.አ. በ1955 የተጨመረ ነው፤ ቀለበቱን በእጅህ ማዞር አለብህ፣ ካላዞርከው አልተቆለፈም። እጀታው እንጨት ስለሆነ ሲረጥብ ያብጥና ስለቱን አላወጣም ይላል። በአንድ እጅ አይከፈትም። ቀጭንነቱን ግን የሚስተካከለው ጥቂት ነው። የስፓይደርኮ ዴሊካ ወደ 70 ግራም ይሆናል፣ በጀርባ ይቆለፋል፣ በስለቱ ላይ ያለው ክብ ቀዳዳ በአውራ ጣት ለመክፈት ነው። ላሜራው ወንፊት ሆኖ ናይለኑ ውስጥ ተቀብሯል። ከላይ ጤነኛው መንገድ ያልኩህ ይሄን ነው። የቤንችሜድ በግአውት 52 ግራም ነው፣ ባለ መቀርቀሪያ፣ ለግራም ለቀኝም ይሆናል፤ እጀታው ሲጨበጥ የሚለመጥ አንዱ እሱ ነው። እኔ ባንተ ቦታ ብሆን ዴሊካን እይዝ ነበር። ጓንት አድርገህ የምትሠራ ከሆነ ቀዳዳው በሌሎች ሰንጢዎች ላይ ለመክፈቻ ከሚደረገው ትንሽ ጉጥ ይልቅ ይመቻል።

ሰንጢውን ኪስ ላይ የሚያንጠለጥለው ክሊፕ ጥብቅ ይሁን፣ ግን ጨርቅ የሚፍቅ ሻካራ ቦታ ላይ አይረፍ። ኪስህን ቀስ በቀስ የሚበላው ክብደት ብቻ አይደለም፤ ክሊፑ የሚያርፍበት ሻካራ እጀታም ነው። በጣትህ ዳስሰው። ሻካራ ከሆነ ክሊፑ ስር ያለውን ብቻ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው።

ይዘህ ከመውጣትህ በፊት ያለህበትን አገር ሕግ እወቅ። አንዳንድ ቦታ የስለቱ ርዝመት ይለካል፣ አንዳንድ ቦታ የሚቆለፍ መሆኑ ራሱ ያስጠይቃል። በእንግሊዝ ለምሳሌ ያለ ምክንያት ይዞ መሄድ የሚፈቀደው የማይቆለፍና ከ7.62 ሴንቲሜትር ያልበለጠ ታጣፊ ብቻ ነው። አውሮፕላን ስትሳፈር ደግሞ ወደ ሻንጣህ፣ ሻንጣህም ወደ ጭነት።

ከገዛኸው በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነካ ነካ አድርግ። አዲስ ሰንጢ ይላላል። የክሊፑ ብሎን ደግሞ ወድቆ ይጠፋል፣ ትርፉን የት እንደምታገኝ አትጨነቅበት፣ ቀድመህ አጥብቀው። ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ ዘይት፣ ከአንድ በላይ አይሁን። ትርፉ ያንን የጥጥ እጢ ነው የሚሠራው።

አሮጌውን ግን አትሽጠው። መጋዘኑ ጠረጴዛ ላይ በሲባጎ እሰረውና ወፍራም ገመድ ይቁረጥልህ። ለጓደኛህም ንገረው፣ ከመጣሉ በፊት ቁልፉ የሚያርፍበትን ቦታ በመርፌ ይጫረው።