«እሺ» ማለት ገባኝ ማለት አይደለም

ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ዘንድሮ ተመርቃችሁ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል ለምትወጡ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖችና ሐኪሞች ነው። አባቱ ወይም እናቱ የልብ ሕመም ያለባቸው ወጣትም ቢያነበው እወዳለሁ፤ ቤት ውስጥ የመድኃኒቱን ወረቀት የሚያነበው ብዙ ጊዜ እሱ ነውና። እኔ ጎጃም ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቻለሁ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት የልብ ታካሚዎች ለክትትል በሚመጡበት ክፍል ነው።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ላስቀድም። ከጮቄ ተራራ ግርጌ የሚመጡ አንድ ገበሬ ነበሩ። ልባቸው ደም የመግፋት አቅሙ ቀንሶ እግራቸው ያብጣል፣ ሌሊት ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ተኝተው ታክመው እብጠቱ ሲጎድል «ጨው ይቀንሱ» ብለን እንሸኛቸዋለን፤ ብዙም ሳይቆዩ አብጠው ይመለሳሉ። ሦስተኛው ላይ ሰው በተሰበሰበበት ኮሪደር ተቆጣኋቸው። «ነግሬዎት አልነበር? ለራስዎ ሕይወት ነው እኮ!» አልኳቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው «እሺ ሲስተር» ብቻ አሉኝ። ባለቤታቸው ግን ጋቢያቸውን ታቅፈው ጥግ ላይ ቆመው ነበር፤ እንባቸው ፈሰሰ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ወጡ ላይ ቅንጣት ጨው ካልጨመርኩ ሰነበትኩ» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ቁጭ ብዬ የጠየቅኋቸው። ሽሮውስ? ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። በርበሬውስ? እሱም እንደዚያው፤ የዓመቱ በአንድ ጊዜ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ቡናውስ? «ቡናማ በጨው ነው እንጂ፤ በምን ይጠጣል?» እናትየው የነገርናቸውን ሁሉ ፈጽመዋል። ያልፈጸምነው እኛ ነን። «ጨው ይቀንሱ» ስንል በማንኪያ የሚጨመረውን ብቻ ነገርናቸው፤ ሙያቸውን፣ ጓዳቸውን፣ ረከቦታቸውን አልጠየቅንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ እንኳ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይበቃል ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ከዚያ መጠን ብዙው በእኛ አገር ወጡ ሳይጣድ በሽሮውና በበርበሬው ውስጥ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ትምህርቱን የምትሰጡት ለታማሚው ብቻ አይሁን። ወጥ የሚሠራውን ሰው ጥሩት፤ ውጭ አታስቀምጡት።

ስለ «እሺ» ልንገራችሁ። የአገራችን ሰው ነጭ ጋዋን ለለበሰ «አልገባኝም» ማለትን እንደ ድፍረት ይቆጥረዋል። «ገባዎት?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ ሁልጊዜ «እሺ» ነው። እኛ ጎጃም ውስጥ ግን ከዚህ የሚሻል የማስተማር ልማድ አለን። ዋሸራና ጎንጅ ቅኔ የተማረ ሰው ጠይቁ፤ የኔታ ተማሪውን «ገባህ ወይ?» ብለው አያልፉትም፤ «በል እስቲ» ይሉታል። ተማሪው አፉን ከፍቶ ሲል የጎደለው ወዲያው ይታወቃል። እኔም ዘግይቼ ይህን ወደ ሥራዬ አመጣሁት። «እንግዲህ ቤትዎ ሲገቡ ባለቤትዎ ሐኪሙ ምን አለ ቢልዎ፣ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ፈተና አይመስልም፤ አያሳፍርም። መልሱን ስሰማ ግን ስንቱን ነገር ሳላስረዳ እንደቀረሁ ይገባኛል።

የምንናገራቸው ቃላት ራሳቸው ያስታሉ። «የልብ ድካም» ስትሉ ገበሬው «ማረሱ ነው ያደከመኝ» ብሎ ከመደብ አልነሳ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ነገ በድንገት የሚሞት መስሎት ንብረቱን ማከፋፈል ይጀምራል። ሁለቱም ከእናንተ የሰሙት ያንኑ አንድ ቃል ነው። መጀመሪያ «እርስዎ ሕመምዎ ምን ይመስልዎታል? ከምን መጣ ይላሉ?» በሉና ስሙ። ከዚያ እሱ በሚያውቀው ነገር አስረዱት። እኔ ከሜጫ አካባቢ ለሚመጡት የቆጋን መስኖ እጠቅስ ነበር፤ የቦዩ በር ካልገጠመ ውኃው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከጠበበ ደግሞ ከበሩ ኋላ ይጠራቀማል። የልብ በሮችም እንደዚያው ናቸው። ይህን ስል «አሃ!» የሚሉትን ፊት ብታዩ!

ሕመሙ የሚባባስበትን ምልክትም በቤታቸው ባለው ነገር አስተምሩ። ሚዛን ያለው በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረ ውኃ እየያዘ ነውና ቶሎ ይምጣ። ሚዛን የሌለው ግን ይበዛል። ጠዋት ኮንጎ ጫማው ከጠበበው፣ መቀነቱ አልደርስ ካለው፣ ራስጌው ላይ አንድ ጋቢ ይበቃው የነበረው ሁለት ሦስት ማጠፍ ከጀመረ፣ ያ ነው ሚዛኑ። «ስንት ትራስ ይጠቀማሉ?» ብሎ መጠየቅ ትራስ ለሌለው ሰው ምንም አይደለም።

ለውኃው ማስወገጃ የሚሰጠውን ላሲክስም ልብ በሉ። ከሞጣ ወይም ከቢቸና የሚመጣ ታካሚ የቀጠሮው ቀን አይወስደውም፤ መኪና ላይ ሽንት ያስቸግረዋል። እኛ ደግሞ አብጦ ስናየው «መድኃኒቱ አልሠራም» ብለን ልንጨምርበት እንችላለን። ስለዚህ «ዛሬ ጠዋት ወስደዋል?» ብላችሁ በፍቅር ጠይቁ፤ በመንገድ ቀን ከመዝለል ይልቅ ከደረሰ በኋላ እንዲወስደው አስተካክሉለት። የክኒኑ ቀለም ሲቀየርም አሮጌውንና አዲሱን ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች መስለውት አብሮ የሚውጥ አለ። በየቀጠሮው ያለውን ሁሉ በፌስታል ይዞ ይምጣ፤ ጠረጴዛ ላይ አፍሱትና አብራችሁ እዩ።

ጾምና ጠበል ላይ አትቸኩሉ። ታካሚያችሁ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ከሆነ የጠዋቱ ክኒን ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁ። «አይጹሙ» ብላችሁ ከማዘዝ የንስሐ አባቱን ማማከር ይሻላል፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን መንገድ እንዳላት ካህናቱ ከእናንተ በላይ ያውቃሉ። ጠበልም እንዲሁ ነው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ስለ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው እንዲሄዱ መክረዋል። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው የሚፈታ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ሰው ከእምነቱና ከክኒኑ አንዱን ምረጥ ከተባለ የሚተወው ክኒኑን ነው።

ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን ለሚወስዱት ጾሙ ሌላም ነገር ያመጣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ጎመን ይበዛል፤ ፋሲካ ሲደርስ በአንዴ ይቀራል። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚቀንስ፣ ጎመኑ ሲቀር ደሙ ከሚገባው በላይ ይቀጥናል። ለብዙዎቹ ደሙ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚረጋ የሚለካው አይ ኤን አር የሚባለው ምርመራ ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ይፈለጋል። «ጎመን አትብሉ» አትበሏቸው፤ ዓመቱን ሙሉ መጠኑ እንዳይዋዥቅ አስተምሩ፣ ከፋሲካ በኋላም ቶሎ ቀጠሮ ስጡ። ለወገብ ሕመም ብለው ዳይክሎፌናክ እንዳይወጉ ደጋግማችሁ ንገሩ፤ ያደማል፣ ውኃም ያስይዛል። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ፊቱ በአንድ ጎን ከተጣመመ ቀጠሮ አይጠብቅ።

ወጣት ሴቶችን ለብቻቸው አነጋግሩ። በእርግዝና የሰውነት ደም በግማሽ ገደማ ይጨምራል፤ የጠበበ የልብ በር ያን ሁሉ ማሳለፍ ይቸግረዋል። ዋርፋሪን ደግሞ ፅንሱን ይጎዳል። ስለዚህ ማርገዝ ካሰበች አስቀድማ ትንገራችሁ፤ ፈቃደኛ ከሆነች ባሏም ይስማ።

በመጨረሻ ስለ ፔኒሲሊኑ መርፌ። በልጅነት የተተወ የጉሮሮ ሕመም የልብን በር ሊያበላሽ እንደሚችል ታውቃላችሁ፤ በግንቦት 2010 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ ስለዚሁ የሩማቲክ ልብ ሕመም ውሳኔ አሳልፏል። በሽታው ዳግም እንዳይነሳ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ብዙ ጊዜ በየ4 ሳምንቱ ይሰጣል፤ ቢያንስ ለ10 ዓመት፣ ለአንዳንዱ እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ወይም ዕድሜ ልክ። መርፌው ያማል፤ ታካሚዋም ደህና ናት። ታዲያ ለምን ትምጣ? እኔ «በየወሩ» እል ነበር፤ የእኛ ወር 30 ቀን ነው፣ ጳጉሜንም አለች፣ ቀኑ እየተንሸራተተ ይሄዳል። አንዲት የደምበጫ እናት ናቸው ያረሙኝ። ልጃቸው አንድም ቀን አታሳልፍም ነበርና ምስጢሩን ጠየቅኋቸው። «ገበያ እቆጥራለሁ» አሉኝ፤ «አራተኛው ገበያ ሲደርስ እኔ ቅቤዬን እሸጣለሁ፣ እሷ ትወጋለች።» አራት ገበያ 28 ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ስሰጥ መጀመሪያ የምጠይቀው «ገበያችሁ መቼ ነው?» ብዬ ነበር።