ጊታሬን መልሼ ማንሳት እፈልጋለሁ

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? ድሮ ጊታር በደንብ እጫወት ነበር፣ ስራ ሲበዛብኝ ተውኩትና አመታት አለፉ። አሁን ሳነሳው ጣቴ አይታዘዝልኝም፣ ቶሎ ያመኛል፣ ሁለት ቀን ሰርቼ ሳምንት እጠፋለሁ። ከዜሮ ልጀምር ማለት ነው?

መልስ፦ ሰላም ወንድማችን፣ ኧረ በፍጹም! አንዴ የተማሩትን መልሶ መማር እንደሚፈጥን ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው የማስታወስ ጥናቱ አሳይቷል፣ የእጅ ልምድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሸመደዱት ነገር በላይ ይቆያል። ህመሙ የጣትህ ጫፍ ስለለሰለሰ ነው፣ ሳታቋርጥ ከሰራህ በጥቂት ሳምንት ይጠነክራል፣ ስትጠፋ ግን መልሶ ይለሰልሳል፣ ለዚህ ነው በሳምንት አንዴ ሁለት ሰአት ከመስራት በየቀኑ 15 ደቂቃ የሚሻለው።

ጊታሩን ከቦርሳው አውጥተህ አይንህ የሚያርፍበት ቦታ አስቀምጠው፣ ሰአቱንም ከማይቀር ነገር ጋር አያይዘው፣ ለምሳሌ ከስራ ገብተህ ጫማህን እንዳወለቅክ። ክሩ ከዛገ ቀይረው።

የድሮ ከባድ ዘፈኖችህን ለጊዜው ተዋቸው፣ ያናድዱሃል። ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥርልህ መሳሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርግና ከሲ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ወደ ኤ ማይነር ኮርድ ተመላለስ፣ እዚህ ጋ የሚንቀሳቀሰው የቀለበት ጣትህ ብቻ ስለሆነ ሁለቱን ሌሎች ጣቶች ከክሩ አታንሳ፣ ድምፁ ሳይቆራረጥ ሲሄድልህ ወደ 65 ከፍ በል።

አንድ ቀን ካመለጠህ በማግስቱ 30 ደቂቃ ልክፈል ብለህ አትጨናነቅ፣ ያችኑ 15 ስራ። አንጓህን ወይ መገጣጠሚያህን ካመመህ ግን ያ የቆዳ ህመም አይደለም፣ ወዲያው አቁምና እጅህን አሳርፈው።